ጎመኑ ተበልቶ ሥሩ ሲለካ

አንድ ነገር ለመለካት ቁጭ ብላችሁ፣ ነገሩ ራሱ አልለካም ብሏችሁ ያውቃል? ማስመሪያው እጃችሁ ላይ ነው፣ ዓይናችሁ ደህና ነው፣ ቁጥርም ታውቃላችሁ። ነገሩ ግን ይጠቀለላል፤ አንዱን ጫፍ ስትይዙት ሌላው ይነሣል፣ ሁለቱን ስትይዙ መሀሉ ያብጣል። እኔን ገጥሞኛል። የገጠመኝም በጎመን ሥር ነው።

የጎመን ሥር ስል ያንን ወፍራሙን፣ ከግንዱ ጋር ተቆርጦ የሚጣለውን እንዳታስቡ። እሱ ቀላል ነው። የምለው ከበቀለ አንድ ወር ገደማ የሆነውን፣ ከአሸዋ ውስጥ ቀስ ብሎ ተነቅሎ ሲታጠብ እንደ ሽበት የሚነጣውን ነው። ከመካከለኛው ሥር ግራና ቀኝ ቅርንጫፍ ይወጣል፤ ከቅርንጫፉም ሌላ ቅርንጫፍ። ከውሃ ስታወጡት ሁሉም ተጣብቆ አንድ እርጥብ ክር ይሆናል። መልሳችሁ ውሃ ውስጥ ስትከቱት ይበተናል። አጠገቡ ማስመሪያ ብታስቀምጡ ምኑን ከምኑ ታነቡታላችሁ?

ጊዜው በፈረንጆች አቆጣጠር የሁለት ሺህዎቹ አጋማሽ ነው። ዴንቨር አጠገብ ባለችው ኦሮራ ከተማ ውስጥ፣ ከፒዮሪያ ስትሪት ብዙ በማይርቅ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ማስተማር የጀመርኩበት የመጀመሪያ ዓመት። ያን ዓመት መቀመጥ የሚባል ነገር አልነበረኝም። ፈተና የማርመው ቆሜ ነበር፤ ምሳዬን የምበላው መስኮት ለመስኮት እየተመላለስኩ። እርሳሶቼን በቁመት እደረድራለሁ፣ ከዚያ በቀለም እንደገና እደረድራለሁ። ማስረዳት ደግሞ እወዳለሁ። ጓደኞቼ አንድ ነገር ሊጠይቁኝ ሲሉ ቀድመው ሰዓታቸውን ያዩ ነበር።

ሥር በኮምፒውተር መለካት ከዩኒቨርሲቲ ይዤው የመጣሁት ነገር ነው። ስካነሩን የገዛሁት ፒዮሪያ ላይ ካለ የአሮጌ ዕቃ መደብር ነው፤ ክዳኑ አንድ ማጠፊያ ጎድሎታል። ፕሮግራሙ ከኢንተርኔት በነፃ የሚወርድ ነው። አሠራሩን ላስረዳችሁ፣ አጭር ነው።

ሥሩን ጥቂት ውሃ ባለበት ግልጽ የፕላስቲክ ትሪ ውስጥ ታንሳፍፉታላችሁ። ትሪው የስካነሩ መስታወት ላይ ይቀመጣል፣ ማስመሪያ ከጎኑ ይተኛል፣ ከላይ ጥቁር ጨርቅ ይለብሳል። ሥሩ ነጭ ስለሆነ ጥቁሩ ላይ ይወጣል። የስካነሩ መብራት ከዳር እስከ ዳር ሄዶ ሲመለስ ምስሉ ኮምፒውተሩ ውስጥ ይገባል። ያ ምስል ፒክስል ከሚባሉ ጥቃቅን አራት ማዕዘን ነጥቦች የተሠራ ነው። መጀመሪያ የማስመሪያው አንድ ሴንቲሜትር ስንት ነጥብ እንደሚሸፍን ለፕሮግራሙ ትነግሩታላችሁ። ቀጥሎ፣ ከዚህ በላይ የደመቀው ሁሉ ሥር ነው፣ ከዚህ በታች የጨለመው ሥር አይደለም ብላችሁ ድንበር ታሰምራላችሁ። ከዚያ ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ሥር ከዳርና ከዳር እየላጠ ያቀጥነዋል። መጨረሻ ላይ የአንድ ነጥብ ውፍረት ያለው መስመር ብቻ ይቀራል። የመስመሩን ነጥቦች ይቆጥራል፣ እናንተ በማስመሪያው ታካፍላላችሁ፣ ርዝመቱ ይወጣል።

ይህንን ለአንድ ክፍል ሙሉ ተማሪ አሳየሁ። መጨረሻ ላይ ወንበሯ ላይ የቀረችው አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች።

ልጅቷ እዚሁ የተወለደች ናት። ወላጆቿ ግሪን ቫሊ ራንች የሚባል ሰፈር ቤት ገዝተው ይኖራሉ። እናቷ ሆስፒታል ይሠራሉ። አባቷ የኤርፖርት ታክሲ ነጂ ናቸው፤ አሥመራ ተወልደው አማርኛን በትምህርት ቤት የተማሩ፣ እስከ ዛሬ አማርኛቸው ከኔ የተሻለ የጠራ ሰው። በክረምት በረዶ ሲጥል መንገዱ ላይ የሚረጨው ጨው የመኪናቸውን ሆድ ስለሚበላው፣ በየማለዳው ጎንበስ እያሉ ያያሉ፣ እየተነሡም ያማርራሉ። ልጅቷ ጥያቄዋን ያገኘችው ከዚያ ምሬት ነው።

«ሚስ፣ ጨው ካርን እንደዚህ ካደረገ፣ ፕላንትን ምን ያደርጋል?» አለችኝ።

ጥያቄው ደስ አለኝና ክፍሉን ሁለት ጊዜ ዞርኩት። የመንገዱ ጨው ብዙ ዓይነት ስለሆነ የወጥ ቤት ጨው ይሻላል ተባባልን፤ ምን እንደሆነ እናውቀዋለን። ተክሉ ደግሞ ጎመን ይሁን አልን፣ ቶሎ ይበቅላል። ግማሾቹ ኩባያዎች ንጹህ ውሃ፣ ግማሾቹ ትንሽ ጨው ያለበት ውሃ ይጠጣሉ፤ ከዚያ ሥራቸው ይለካል። ጨው የጠጣው ሥር ያጥራል ብለን ጠረጠርን።

ለልጅቷ ይህ የክፍል ሥራ ብቻ አልነበረም። አንድ ዩኒቨርሲቲ በየሰመሩ፣ ትምህርት በሚዘጋበት ወራት፣ ጥቂት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ወደ ዕፅዋት ላቦራቶሪው ያስገባ ነበር። ለማመልከት በትምህርት ቤቱ ሳይንስ ፌር፣ ማለትም በተማሪዎች የምርምር ውድድር፣ ያለፈ ሥራ ያስፈልጋል። ካላለፈ፣ ሰመሯ ኤርፖርት ውስጥ ሳንድዊች ሲጠቀልል ያልቃል፤ አባቷ ከሚያውቁት ሰው ጋር ተነጋግረው ቦታውን ይዘውላታል። ሥራው መጥፎ አይደለም። እሳቸው ያሉት፣ ካለፈች ትሂድ፣ ካላለፈች ግን ቤት ቁጭ ብላ ቴሌቪዥን አታይም ነው። ልጅቷ ግን ላቦራቶሪውን በየቀኑ ታስበው ነበር። እዚያ ምን እንደሚለብሱ ሳይቀር ጠይቃኛለች።

ጎመኑ መኝታ ቤቷ መስኮት ላይ በቀለ። ፌሩ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ አንድ ሐሙስ ነቅላ አጠበችው። እኔ እንደነገርኳት ሁለቱን ወገን ለየብቻ በእርጥብ ሶፍት ጠቀለለች። እርጥብ ሶፍት ላይ የተጻፈ ነገር ይፈሳል፣ ስለዚህ በቀለም ለይው ብያት ነበር፤ ንጹህ ውሃ የጠጣውን በሰማያዊ ላስቲክ፣ ጨው የጠጣውን በቀይ ላስቲክ አሰረችና ፍሪጅ ውስጥ ከታች አስቀመጠችው። ዓርብ ከትምህርት በኋላ ልንለካ ነው።

ዓርብ በረዶ ጣለና ትምህርት ቤት ተዘጋ። የዴንቨር የመጋቢት በረዶ ነው፣ እርጥብና ከባድ። ቀኑን ሙሉ ስልኬን እያየሁ፣ መስኮት ላይ እየሄድኩ፣ ስካነሩን እየወለወልኩ አሳለፍኩ። ወደ ማታ ገደማ ስልኩ ጮኸ።

«ሚስ» አለች፤ ድምፅዋ ቀጭን ነበር፤ «አባዬ ፕሮጀክቴን በላው።»

እዚህ አገር የቤት ሥራውን ያልሠራ ልጅ ውሻዬ በላብኝ ይላል እየተባለ ይቀለዳል። የምትቀልድ መስሎኝ ልስቅ ነበር። ከዚያ ስታለቅስ ሰማኋት።

የሆነው እንዲህ ነው። ወሩ ዐቢይ ጾም ነው። አባቷ በረዶው ሳይብስ በሌሊት ወጥተው፣ እህል ሳይቀምሱ ኤርፖርት ውለው፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ቤት ገቡ። ሚስታቸው ሥራ ላይ ናቸው። ልጅቷ ውጭ በረዶ ትዝቃለች። ፍሪጅ ሲከፍቱ ታጥቦ፣ ተጠቅልሎ፣ በላስቲክ የታሰረ ለጋ ጎመን አገኙ። ኩባያዎቹን መስኮት ላይ አይተዋቸዋል፤ ጎመኑ ከአሸዋ ወጥቶ ፍሪጅ መግባቱን ግን የነገራቸው የለም። ሥሩ አልተቆረጠም፤ ነገር ግን ከነሥሩ የሚሸጥ ሰላጣ ሱፐርማርኬት አይተው ያውቃሉ። ሚስታቸው ለጾም የገዙት መሰላቸው። ሁለቱን እሥር ፈቱ፣ አንድ ላይ አደረጉ፣ ሥሩን በቢላ ቆርጠው ፌስታል ውስጥ ጣሉ፣ ቅጠሉን በሽንኩርትና በዘይት አበሰሉት። አንድ እፍኝ እንኳ አልሆነም። ልጅቷ በረዶውን ጨርሳ ስትገባ፣ ነይ እናቴ ብለው ገና ከመቀመጧ አጎረሷት። እያኘከች ሳለ ሁለቱን ላስቲኮች አባቷ የእጅ አንጓ ላይ አየቻቸው። እንዳይጠፉ ብለው ያጠለቋቸው ነው።

ሥሮቹ የት እንዳሉ ጠየቅኳት። ጋርቤጅ ውስጥ ናቸው አለች። አውጥታ ሰፊ ሳህን ውስጥ ውሃ እንድታደርግላቸውና ፍሪጅ እንድትመልሳቸው፣ ጠዋት እንደምመጣ ነገርኳት። ስልኩን ስዘጋ አንድ ነገር ልብ አልኩ። የሚለካው ሥሩ ነው። ሥሩ ደግሞ አለ። የጠፋው የትኛው የማን እንደሆነ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ስካነሩን ከጎኔ ወንበር ላይ አስቀምጬ ነዳሁ። መኪናዬ ሰው የተቀመጠ መስሏት ቀበቶ ይታሰር እያለች ስትጮኽብኝ፣ ቆሜ ቀበቶ አሰርኩለት። መንገዱ ላይ ጨውና አሸዋው ከጎማው ሥር ይንኮሻኮሻል። ግሪን ቫሊ ራንች ያን ጊዜ ገና አዲስ ነበር፤ ቤቶቹ ሁሉ አንድ ቀለም፣ ዛፎቹ ሁሉ አንድ ቁመት። ቤታቸውን ሁለት ጊዜ አለፍኩት።

በሩን የከፈቱልኝ አባትየው ናቸው።

«ግቢ ልጄ» አሉ። «ወንጀለኛው እኔ ነኝ።»

ላስቲኮቹ አሁንም አንጓቸው ላይ ነበሩ። ስካነሩን ተቀብለው ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ እንደ ሕፃን ቀስ አድርገው አስቀመጡት። ልጅቷ ጥግ ላይ ቆማ ነበር፣ ዓይኗ አብጧል፣ ወደሳቸው አታይም። እሳቸው የሆነውን እንደገና ተረኩልኝ። የፈረንጅ አገር ሰው ሁሉን ነገር በሕፃንነቱ መብላት እንደሚወድ፣ ሕፃን ካሮት፣ ሕፃን ሰላጣ፣ ይሄም ሕፃን ሐምሊ መስሏቸው እንደነበር ነገሩኝ። ሐምሊ የሚሉት ጎመንን ነው።

«አንድ ነገር ግን ልመስክር» አሉ በመጨረሻ። «ጨው አልጎደለውም።»

እኔ ሳቄ አመለጠኝ። ልጅቷ አልሳቀችም።

«አንተማ ሳንድዊቹ ቤት እንድገባ ነው የፈለግከው» አለች፤ በአማርኛ፣ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ሳታስገባ። ሌላ ጊዜ አባቷ በአማርኛ ሲያናግሯት የምትመልሰው በእንግሊዝኛ ነበር።

አባትየው ላስቲኮቹን አንድ በአንድ አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ፣ ሰማያዊውን ከቀዩ ትንሽ ራቅ አድርገው።

እኔ በእንደዚህ ያለ ጊዜ የማውቀው ሥራ መጀመርን ብቻ ነው። ትሪውን ሞላሁ፣ ጨርቁን ዘረጋሁ፣ ላፕቶፑን አስነሣሁ። ልጅቷ ወረንጦ ይዛ ሥሮቹን ከሳህኑ አንድ በአንድ እያነሣች ትሪው ውስጥ ትለቃለች፤ እኔ እስካን አደርጋለሁ። መብራቱ ይሄዳል፣ ይመለሳል። እኔም ከጠረጴዛው እስከ መስኮቱ እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ። አባትየው ቆመው ያዩናል። ቁጥሮቹ ላፕቶፑ ላይ እየተደረደሩ መጡ፤ አንዳንዱ ረጅም፣ አንዳንዱ አጭር፣ ብዙው መሀል ላይ።

አባትየው ቁጥሮቹን ጎንበስ ብለው አዩና ያልጠበቅኩት ነገር ተናገሩ። ጨው ሥርን ያሳጥራል ብላችሁ የለም ወይ፣ እንግዲህ አጫጭሮቹ የጨው ናቸው፣ ረጃጅሞቹ የንጹሁ፤ መሀል ከሁለት ክፈሉትና አለቀ አሉ። ፊታቸው ላይ የተስፋ ብርሃን ነበር። የበሉትን የሚተፉ ያህል ነው የቀለላቸው።

ልጅቷ ቀና አለች። ከትናንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አባቷን ያየቻቸው ያኔ ይመስለኛል።

እንዳስረዳ እድል ያገኘሁት እዚህ ጋ ነው። ጋሼ፣ አልኳቸው፣ ወደ ኤርፖርት በሁለት መንገድ ይሄዳሉ እንበል። የትኛው እንደሚፈጥን ማወቅ ፈልገው የየጉዞውን ሰዓት ያዙ፤ ግን የትኛው ጉዞ በየትኛው መንገድ እንደነበር ረሱት። አሁን ፈጣኖቹን ጉዞዎች ሁሉ በአንደኛው መንገድ ስም ቢጽፉ፣ የተማሩት ነገር ምንድነው? መልሱን ራስዎ አስገብተው ራስዎ አወጡት ማለት ነው።

እሳቸውም ታክሲዎችን የሚያሰማራ፣ ዲስፓቸር ሆኖ የሚሠራ አንድ የሚያውቁት ሰው ይህንኑ እያደረገ እንደሚኖር ነገሩኝና ሳቁ። ገብቷቸዋል።

ልጅቷ ግን ገብቷትም አልተወችውም። ጣቷ ማውሱ ላይ ነው። ቁጥሮቹን ከትልቅ ወደ ትንሽ ደርድራቸዋለች፤ ጠቋሚው መሀል ላይ ቆሟል።

«ማን ያውቃል፣ ሚስ?» አለች። «ማንም አያይም።»

ተነሥቼ መስኮቱ ጋ ሄድኩ። ውጭ የጎረቤት ልጆች በረዶው ላይ ይንሸራተታሉ።  ልክ አይደለም ማለት እችላለሁ፤ እሷም ታውቃለች። ሳንድዊቹንም ላቦራቶሪውንም የምታመዛዝነው እሷ እንጂ እኔ አይደለሁም። ስለዚህ የለመድኩትን አደረግኩ። ማናቸውንም ነገር ሁለት ጊዜ ሳልለካ አምኜ አላውቅም። ከመክፈልሽ በፊት አንዱን መልሰሽ ለኪው አልኳት።

በጥርጣሬ አየችኝ። ከዝርዝሩ መሀል የነበረውን ሥር መርጣ ትሪው ውስጥ ለቀቀችው። ውሃው ውስጥ ዞረና ጋደም አለ። መብራቱ ሄደ፣ ተመለሰ። ቁጥሩ ወጣ። ከመጀመሪያው በጣም ያነሰ ነበር። ያው ሥር፣ ያው ውሃ፣ ያው ስካነር። በመጀመሪያው ቁጥር ከንጹሆቹ ጋር የሚመደበው፣ በሁለተኛው ቁጥር ከጨዎቹ ጋር ሊመደብ ነው።

ወረንጦውን ወርውራ ሥሩን በእጇ አነሣችው፣ አዞረችው፣ እንደገና ለካች። ሌላ ቁጥር። አሁን እሷም ተነሣች። ሁለታችንም ወጥ ቤቱ ውስጥ እንዞራለን፣ አባትየው መሀላችን ቆመው አንገታቸውን ያዞራሉ።

«ታዲያ የቱ ነው ትክክል?» አለች።

ስለ ሥሩ ርዝመት እርግጠኛ የሆነ ሰው ቤቱ ውስጥ የለም። እንግዲያውስ ርዝመቱን የምናውቀውን ነገር እንለካ አልኩ። ሮጣ ሄዳ ከእናቷ የስፌት ቆርቆሮ ነጭ ክር አመጣች። አባትየው አንዱን ጫፍ ይዘው፣ እሷ ሌላውን ወጥራ፣ ሃያ ሴንቲሜትር ቆረጡ። ያንን ክር ለመወጠር ሁለቱም መጎተት ነበረባቸው።

ክሩን እርጥብ አድርገን ከትሪው ጎን ጋር ትይዩ አስተኛነው። ፕሮግራሙ ሃያ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ቁጥር ሰጠን። ጥሩ። ያንኑ ክር ከጥግ ወደ ጥግ በሰያፍ አጋደምነው። ቁጥሩ ወደ አሥራ አራት ወረደ። ልጅቷ ክሩን አውጥታ በማስመሪያ ለካችው፤ ሃያ ነው።

ለምን እንደሆነ በወረቀት ላሳያቸው ስል ወለሉን አየሁት። ወጥ ቤታቸው አራት ማዕዘን ሴራሚክ የተነጠፈበት ነው። ጋሼ፣ እባክዎ በዚህኛው ግድግዳ ጥግ ጥጉን ቀጥ ብለው አምስት ሴራሚክ ይሂዱልኝ አልኳቸው። በካልሲያቸው እየቆጠሩ ሄዱ። አሁን ከዚያው ተነሥተው በሰያፍ፣ ከሴራሚክ ጥግ ወደ ሴራሚክ ጥግ፣ አምስት ይሂዱ። ሄዱ። ሁለቱም ጊዜ አምስት ቆጥረዋል፤ በሰያፍ ሲሄዱ ግን ምድጃውን አልፈው ፍሪጁ ጋ ደርሰዋል።

«ቁጥሩ እኩል፣ መንገዱ ግን ይረዝማል» አሉ፤ ወለሉን ቁልቁል እያዩ።

ነገሩ ይኸው ነው። ፕሮግራሙ ነጥብ ይቆጥራል። በሰያፍ የተጋደመ መስመር በጥቂት ነጥብ ብዙ መንገድ ይሄዳል፣ ስለዚህ አጥሮ ይነበባል። እያንዳንዱን የሰያፍ እርምጃ አንድ ከአራት አሥረኛ ገደማ አድርገን ስንቆጥረው ክሩ ወደ ሃያ ተመለሰ። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ሥር በየአቅጣጫው ስለሚዞር ልዩነቱ ይቻቻላል ብዬ ነበር የማስበው። ዋናው ሥር ግን ብዙውን ጊዜ ቀጥ ያለ ነው፤ ቁጥሩን የሚወስነው እንዴት እንደተጋደመ ነው።

ቀጥሎ ልጅቷ እኔ ሳልነግራት ክሩን በጣቷ አፍተለተለችና ተጠምዝዞ እንዲተኛ ለቀቀችው። አሁን እርማቱ ቢኖርም ቁጥሩ እንደገና ወረደ። ክሩ ራሱን በሚያቋርጥበት ቦታ ፕሮግራሙ ሁለቱን አንድ አድርጎ ይቆጥራል። ይበልጥ አፍተለተለችው፤ ይበልጥ ወረደ። ማውሱን የያዘ እጇ አሁን የሌላ ሰው እጅ ነው የሚመስለው።

«ሚስ፣ ይሄኛው ሌብል አያስፈልገውም» አለች።

እውነቷን ነው። ጨው ሥርን ምን እንደሚያደርግ ያ የተቀላቀለ ክምር ሊነግረን አይችልም። ማሽኑ ሥርን ምን ያህል አሳስቶ እንደሚያነብ ግን ሊነግረን ይችላል፤ ለዚህ ጥያቄ የትኛው ሥር ምን እንደጠጣ ማወቅ አያስፈልግም። ያንን የደረደረችውን ዝርዝር ሳትከፍለው ዘጋችው። አባትየው ምን እንደሆነ ባይገባቸውም አንድ ነገር እንደተለወጠ አውቀው ውሃ ሊያቀርቡልን ተነሡ። ብርጭቆውን ሲሰጧት በሁለት እጇ ተቀበለቻቸው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቀጠሉ፤ እኔ በስልክ ብቻ ነበርኩ፣ ቤቴ ውስጥ እየዞርኩ። እያንዳንዱን ሥር በተለያየ አኳኋን እያጋደመች ደጋግማ ለካች። ወረንጦውን የያዙት አባቷ ናቸው። ብዙ ሲያወጡና ሲከቱ እጃቸው እንደደነዘዘ፣ አንድም ሥር ግን እንዳልበጠሱ ነገረችኝ።

ፌሩ ላይ ቦርዷ እንደሌሎቹ አበባ የለበትም፣ ቅጠል የለበትም። ነጭ ክር፣ የሥር ምስል፣ የወጥ ቤት ወለል ፎቶ ነው ያለበት። ከዳኞቹ አንዷ ተክሉ የት እንዳለ ጠየቀቻት። አባቴ በልቶታል አለች ልጅቷ፣ በደንብ ቀጥ ብላ፤ ከዚያ የሆነውን ሁሉ፣ ልትከፍለው የነበረውን ዝርዝር ጨምራ ተናገረች። እኔ ከሩቅ ቆሜ ጠረጴዛ ላይ የሌላ ተማሪ እርሳሶችን እደረድር ነበር። አባትየው ፈረቃቸውን ለሌላ ሰው ሰጥተው መጥተዋል። ዳኛዋ ስለ ሰያፉ ስትጠይቅ፣ ማንም ሳይጋብዛቸው ወደ መሀል ገብተው በጂምናዚየሙ ወለል ላይ አምስት እርምጃ ሄዱላት፣ ተመልሰው ደግሞ በሰያፍ።

አለፈች። ከዚያ በላይ ባለው ውድድር ሽልማት አላገኘችም፤ ለማመልከቻው የሚያስፈልገው ግን በትምህርት ቤቱ ማለፍ ብቻ ነበር። ሰመር ላይ ላቦራቶሪው ወሰዳት። የመጀመሪያውን ቀን አባቷ በታክሲያቸው አደረሷት። ከጥቂት ሳምንት በኋላ በኢሜይል የጻፈችልኝ ቅሬታ ነበር፦ ቀኑን ሙሉ የምታደርገው ሥር ማጠብ ነው፣ ጣቷ እንደ ዘቢብ ተጨማዷል፣ ስካነሩንም ገና አላስነኳትም። ከታች ግን፣ ስካነራቸውን በክር ፈትነውት እንደሆነ ጠይቃ አንድም ሰው መልስ እንዳልሰጣት ጽፋለች። ያንን ሳነብ ከወንበሬ ተነሣሁ።

እስካሁን ከሰማችሁኝ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ነጭ ክር፣ ጥቁር ጨርቅና ስካነር ፈልጉ፤ ስካነር ከሌላችሁ ከላይ በቀጥታ የምታነሡበት ካሜራ ይበቃል። ክሩን በማስመሪያ ለክታችሁ ቁረጡት። መጀመሪያ ቀጥ አድርጋችሁ፣ ቀጥሎ በሰያፍ፣ መጨረሻ ላይ ጠምዝዛችሁ አንሡት፤ በየጊዜውም ፕሮግራሙ ምን እንደሚላችሁ እዩ። ርዝመቱን አስቀድማችሁ በምታውቁት ነገር ጀምሩ። ጎመኑን ከዚያ በኋላ ትዘሩታላችሁ። ፍሪጅ ውስጥ ስታስገቡት ደግሞ ቤት ላለው ሰው ሁሉ ተናገሩ።